ወደ ጎን የሚያዩ ቅዱሳን

ልጅ ሳለሁ፣ ላፍቶ ኮንዶሚኒየማችን ውስጥ መብራት በጠፋ ቁጥር የብሎኩ ልጆች ሁሉ ወደ ጥበቃው ወደ አባባ ምትኩ እንሮጥ ነበር። አባባ ከቆርቆሮ የተሠራች ማረፊያቸው ደጃፍ ላይ ከሰል አቀጣጥለው፣ ፋኖሳቸውን ሚስማር ላይ ሰቅለው ይጠብቁናል። ያኔ ፍሙ እየተንጣጣ፣ ጭሱ ዓይናችንን እየቆጠቆጠን፣ የሚያወሩልን ስለ ሥዕል ነበር፤ በወጣትነታቸው ጎጃም ውስጥ ከአንድ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ጋር ሠርተዋልና።

አንድ ምሽት እንዲህ አሉ፦ «ጻድቁን ስንስለው ፊቱን ሙሉ፣ ሁለቱንም ዓይኑን ነው። ክፉው ግን በጎኑ ነው፤ አንድ ዓይን ብቻ። ይሁዳም እንደዚያው፣ ሰይጣንም እንደዚያው።»

የጎረቤታችን ልጅ ከድር ወዲያው ወደ እኔ ዞረ። «በቃ ማሂ ሰይጣን ናት! አንድ ዓይና!»

ሁሉም ሳቁ። ሰው ሲያናግረኝ አፍሬ ፊቴን አዞር ነበር፤ ትምህርት ቤት በተነሣነው የክፍላችን ፎቶ ላይ እንኳ በጎኗ የምትታየው እኔ ብቻ ነኝ። አባባ «ተው አንተ!» ብለው ከድርን ተቆጡት፤ «አይደለችም» ግን አላሉም። ቤት ገብቼ ፎቶውን ከግድግዳ አውርጄ ፍራሼ ሥር ደበቅሁት። እናቴ ስትፈልገው ዝም አልኩ፤ ዝምታዬም ክፋቴን ያረጋገጠብኝ መሰለኝ።

አምስተኛ ክፍል ስደርስ ከትምህርት ቤት ሙዚየም ወሰዱን። ሌሎቹ ዘውድና ጦር ሲያዩ እኔ ጥንታዊ የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ያሉበት ክፍል ገብቼ ባለ አንድ ዓይኖቹን እፈልግ ጀመር። አንድ የክርስቶስ ገራፊ አገኘሁ፤ እውነትም በጎኑ ነው። ቀጥሎ ግን በመስታወት ሣጥን ውስጥ ከሁሉም ያረጀ የብራና ወንጌል ተዘርግቷል። የተሳሉት ሰዎች ፊታቸው ሙሉ ነው፣ ዓይናቸውም ሁለት፤ ብሌናቸው ግን ወደ ጎን ሄዷል። ልክ እንደኔ ወደ ጎን ያያሉ!

አስጎብኚውን ጠየቅሁ፤ ማንንም እንግዳ ሰው ስጠይቅ ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

«ጋሼ፣ የእነዚህ ጥፋታቸው ምንድን ነው?»

«የምን ጥፋት? ቅዱሳን ናቸው እኮ!»

«ታዲያ ለምን ወደ ጎን ያያሉ?»

ጎንበስ ብሎ አብሮኝ አያቸው። «እንጃ የኔ እመቤት። ከጎናቸው የሚያዩት ነገር ይኖር ይሆናል።»

ማምሻውን መብራት ሲጠፋ ለአባባ ነገርኳቸው። ፍሙን ሲቆሰቁሱ ቆዩና አንገታቸውን ደፉ። «እኔ ቀለም ነው የበጠበጥኩት፣ ልጄ። ዓይን ለመሳል ደረጃ አልደረስኩም» አሉ። ከዚያ ቀና ብለው «በይ ዛሬ አንቺ አውሪልን» አሉኝ። አወራሁ፤ ዓይኔን ከፋኖሱ ሳልነቅል። ከድር እንኳ ጠጋ ብሎ ሰማኝ።

ቤት ገብቼ ፎቶውን ከፍራሹ ሥር አወጣሁት። እስከዚያ ቀን ድረስ የማየው የራሴን ፊት ብቻ ነበር፤ ያኔ ግን ወዴት እንደማይ ለመጀመሪያ ጊዜ ተከተልኩ። በፎቶው ጠርዝ ላይ የአንዲት ልጅ ክንድ ይታያል፤ ዘግይታ እየሮጠች ስትመጣ ካሜራው ቆርጦ አስቀርቷታል። ሁሉም ወደ ፊት ሲያይ እሷን ያየኋት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ፎቶው አሁን ግድግዳው ላይ ነው። ዛሬም ዓይናፋር ነኝ፤ ያኔ አፍሬ ያልጠየቅኋትን የዚያችን ልጅ ስም ግን የድሮ የክፍል ጓደኞቼን እየጠየቅሁ ነው።