ሚስ ካሪን ፍልሰታን የጾመችበት ክረምት

ባለፈው ሰሞን አራስ ልጠይቅ የልጅ ልጄ ቤት ሄጄ ተቀምጬ ሳለሁ፣ አንዷ ወጣት ቆርቆሮ ከፍታ ለሕፃኑ የዱቄት ወተት በሙቅ ውሃ ስትበጠብጥ፣ ያ ለስላሳ፣ ትንሽ ያረረ ስኳር የሚመስል ሽታ ክፍሉን ሞላውና ፊቴ ተለዋወጠ። «እማማ፣ ምን ሆኑ? አመመዎት?» አሉኝ። አላመመኝም፤ ተናድጄ ነበር። የተናደድኩባቸው ሰዎች አብዛኞቹ አፈር ከለበሱ ቆይተዋል፤ ንዴቱ ግን አብሯቸው አልተቀበረም።

ቤታችን ከአራዳ ወደ እሪ በከንቱ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ነበር። ጣሊያን ከወጣ ገና ብዙም አልቆየም፤ አባባ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ክር፣ ቁልፍና ገበር የሚሸጥባት፣ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ደጅ የሚጠብቅባት ጠባብ ሱቅ ነበረችው። እናታችን እኔን ወልዳ ብዙ ሳትቆይ ስላረፈች ያሳደገችኝ እህቴ ጽጌ ናት፤ እኔን አዝላ ፊደል የቆጠረች፣ እኔን አስተኝታ የጎረቤት ጋዜጣ ተውሳ የምታነብ፣ የሰፈሩ ልጅ እግሩን ሲቆረጥ ወደ እናቱ ሳይሆን ወደ እሷ የሚሮጥላት ልጅ ነበረች።

ሚስ ካሪን የመጣችው አባባ በመንገዱ በኩል ያለውን፣ የሳንቃ ወለልና ትልልቅ መስኮት ያለውን ክፍል ለሚሲዮኖች ባከራየ ጊዜ ነው። ከሰሜን አገር የመጣች፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ፀሐይ ያየ ቀን አፍንጫዋ እንደ በርበሬ የሚቀላ ልጅ እግር ሴት ናት። አማርኛ ጀማሪ ስለነበረች ወንዱን ሁሉ አንቺ ትል ነበር፤ ጠዋት ጠዋት ሪዛሙን አባቴን «አባባ፣ ደህና አደርሽ?» ስትለው፣ እሱ ፊቱን ሳይለውጥ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንቺስ ልጄ?» ይላታል፣ እኔና ጽጌ ደግሞ ነጠላችንን አፋችን ውስጥ ጎስጉሰን ወደ ጓዳ እንሮጣለን። ልብሷን ራሷ ታጥብ ነበር። ነጭ ሴት ሳፋ ፊት ቁጢጥ ብላ ስታሽ ለማየት ሰዉ ሥራ ፈትቶ አጥራችን ላይ ይንጠለጠላል፤ እሷም አረፋ በአረፋ በሆነ እጇ ሰላምታ ትሰጣለች።

ሰኔ ሲያልቅ ትምህርት ቤቶች ተዘጉና ሌሎቹ ሚሲዮኖች ክረምቱን ሊያርፉ ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ወደሚገኘው ቤታቸው ሄዱ። እሷ ቀረች። ጠዋት መጽሐፏን አንብባ፣ ጥቁር የጎማ ቦቲዋን ተጫምታ፣ ጃንጥላዋን ይዛ፣ በዚያ ጭቃ እየተንሸራተተች ወደ እሪ በከንቱ ትወርዳለች፤ ከቤት ቤት እየገባች ቁስል ታጥባለች፣ ዓይኑ ያበጠ ሕፃን ዓይን ውስጥ ቅባት ታደርጋለች፣ ያሮጊቶቹን የወገብ ሕመም ግማሹን እንኳ ሳይገባት አንገቷን እየነቀነቀች ታዳምጣለች። ከሰዓት በኋላ የሰፈሩን ሴቶች ልጆች ሰብስባ ንባብና ስፌት ታስተምረናለች። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ድምፅዋ ስለማይሰማ ሁላችንም ዝም ብለን እንሰፋለን፤ የእኔ ስፌት እንደ ዶሮ ዱካ ነበር፣ እሷ ግን ወደ መስኮቱ አስጠግታ እያገላበጠች «ጎበዝ፣ ይህ ቀጥታ ሊሆን አስቧል» ትለኝ ነበር። ስለ ሃይማኖት አንድ ቀን እንኳ ልትሰብከን አልሞከረችም፤ ወይ አማርኛው አጥሯት ነው፣ ወይ ቁስሉ ይበልጥባት ነበር።

ጽጌን ግን ለብቻ ይዛት ነበር። ሙቀት መለካት፣ ቁስል ማሸግ፣ የመድኃኒት ስም ማንበብ አስተማረቻት፤ መስከረም ሲጠባ የነርስ ትምህርት ቤት ወስዳ ልታስፈትናት አባባን ጠይቃ አባባም እሺ ብሎ ነበር። እህቴ በዚያ ክረምት ስትራመድ እንኳ ሌላ ሰው ሆነች። ውሃ ልትቀዳ ስትሄድ የአጥንት ስሞችን እየደጋገመች ስለነበር ሰው እየጸለየች ይመስለው ነበር።

ፍልሰታ ገባ። ሚስ ካሪን ሁላችንም ስንጾም አይታ «እኔ ብቻዬን እንቁላል ስበላ ያስጠላል» አለችና ከእኛ ጋር ጾመች፤ ሽሮና ጎመን ከእኛ እኩል በላች፣ እኛ በማንበላበት ሰዓትም ሳትበላ ዋለች። ማንም አላዘዛትም። አባባ ይህን ለሱቁ ደንበኛ ሁሉ ሲያወራ ሰነበተ።

በዚያው ሰሞን የጎረቤታችን የእትዬ በላይነሽ የልጅ ልጅ ሞገስ ኩፍኝ ያዘው። እናቱ ገጠር ነበረች፤ ልጁ ገና ጡት የጣለ ሕፃን ነው። ሽፍታው ሲለቀው ሰውነቱ አለቀ፤ ቆዳው አጥንቱ ላይ ተጣብቆ፣ ለማልቀስ እንኳ አቅም አጣ። እትዬ በላይነሽ ራሳቸው በዝናብ እየሮጡ መጥተው የሚስ ካሪንን እጅ ያዙ። «ልጄ፣ ይህን ልጅ አትርፊልኝ» አሉ። ሚስ ካሪን የዱቄት ወተት ቆርቆሮዋን አወጣች፣ ጽጌ ወተቱን በጠበጠች፣ እኔ የልጁን ራስ ደግፌ ያዝኩ፤ በማንኪያ በማንኪያ ስናጠጣው እትዬ በላይነሽ ከጎኔ ቆመው «ጨምሪለት፣ ጨምሪለት» ይሉ ነበር። ይህን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። በየቀኑ እየሄድን አጠጣነው፤ ልጁም ዓይኑን ገለጠ፣ ቆይቶ ተቀመጠ፣ ቆይቶ ድመት ማባረር ጀመረ።

ከዚያ ወሬው ተነሣ። አንዷ ሴት ጽጌ ወተት ይዛ ስትገባ አይታ ኖሮ፣ ነገሩ ቁልቁለቱን ወርዶ እስኪመለስ «ሚሲዮኗ በፍልሰታ የሰፈሩን ልጆች ጾም ታስገድፋለች፣ የባለ ሱቁ ልጅም ሃይማኖታቸውን ተቀላቅላለች» ሆነ። ሰዎች ከአባባ ሱቅ ክር መግዛት ተዉ፤ ጽጌ ውሃ ልትቀዳ ስትሄድ ሴቶቹ እንስራቸውን ያርቁባት ጀመር። በመጨረሻ አንድ እሑድ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ግቢያችን መጥተው ተቀመጡ፣ የንስሐ አባታችንም ተጠሩ፤ እትዬ በላይነሽም ቃላቸውን እንዲሰጡ ተጠየቁ።

እትዬ በላይነሽ መሬት መሬት እያዩ፣ «እኔ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ነው የሰጡት። ባውቅማ እንዴት እፈቅዳለሁ» አሉ።

እኔ ከጓዳው በር ላይ ነበርኩ። «እትዬ፣ እርስዎ አይደሉ እንዴ ጨምሪለት ያሉት? ደግሞስ ሞገስ ገና ሕፃን አይደለም? ሕፃን መች ይጾማል?» አልኩ።

አባባ ተነሥቶ ክንዴን ይዞ፣ «ግቢ። ልጅ በትልቅ ሰው ላይ አይመሰክርም» አለኝና በሩን ዘጋብኝ። ንስሐ አባታችን የልጅነቴን ጥያቄ መመለስ ይችሉ ነበር፤ አልመለሱም። ሰዉ ከወጣ በኋላ ግን ለአባባ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጅቷ እውነቷን ነው፤ ሕፃን ጾም የለበትም፣ ያውም የታመመ። ግን ሕዝብ ሲቆጣ ዝም ማለት ይሻላል» ሲሉ በሳንቃው ቀዳዳ ሰማሁ። ለማን ነው የሚሻለው? ያኔም አልገባኝ፣ ዛሬም አልገባኝ።

ወሬው ቢሾፍቱ ደርሶ ኖሮ የሚሲዮኖቹ አለቃ በመኪና መጣ። ሐይቁ ዳር ሲያርፍ የከረመ፣ ፊቱ በፀሐይ የጠቆረ ሰው ነው፤ አማርኛው ደግሞ እንከን የለውም፣ አባባን አንቱ እያለ በወግ አነጋገረው። «በእህታችን በኩል ለተፈጠረው ቅሬታ ይቅርታ እንጠይቃለን። ወደ ሌላ ጣቢያ ትዛወራለች፤ ክፍሉንም እንለቃለን» አለ። ስለ ልጁ መዳን አልጠየቀም። ስለ ጽጌ ፈተና አባባ አንገቱን ደፍቶ ሲጠይቀው፣ «ቦታው ለማኅበራችን ልጆች ነው፤ እሷ ከማኅበራችን አይደለችም» ብሎ ባርኔጣውን አነሣ።

ሚስ ካሪን ዕቃዋን ስትሸክፍ ጽጌና እኔ አልጋዋ ላይ ተቀምጠን ነበር። ልብስ ታጥፋለች፣ ትፈታለች፣ መልሳ ታጥፋለች። በመጨረሻ ተወችውና፣

«ጽጌ፣ የአንቺ ሰዎች ጾም አፈረሰች አሉ። የእኔ ሰዎች ደግሞ ለምን ከእነሱ ጋር ጾምሽ አሉ። እኔ የማን ነኝ?» አለቻት።

ጽጌ «የእኛ ነሽ» አለቻት። ሌላ ማንም አላላትም። በማግስቱ ጠዋት መኪናው ሲነሣ ቁልቁለቱ ላይ ሰው ሞልቶ ነበር፤ ቁስሉን ያጠበችለት፣ ልጁን ያዳነችለት ሁሉ ቆሞ ያያል፣ እጁን ያነሣ ግን የለም። እትዬ በላይነሽ በራቸውን ዘግተው ነበር። ሞገስ ብቻ በበሩ ሥር ሾልኮ ወጥቶ ከመኪናው ኋላ ጥቂት ሮጠ። ወዴት እንደወሰዷት ማንም አልነገረን።

አባባ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፈሪ ነበር። «ስሟ ሳይጠፋ» ብሎ ጽጌን በጥር ለጅማ ነጋዴ ዳራት። ባሏ ደግ ነበር፣ ይህን አልክድም። ልጆች ወለደች፣ አሳደገች፣ ዳረች። ሞገስም አድጎ የልጆች አባት ሆነ፤ አያቱ እስኪሞቱ ድረስ በጠበል ነው የዳነው እያሉ አወሩለት፤ ጠበል ተወስዶ ቢሆንማ እኔስ ምን አስቆጣኝ፣ ግን ያን ሰሞን ከቤት እንኳ አልወጣም ነበር።

ጽጌ ከማረፏ በፊት በነበረው ዓመት ጅማ ሄጄ አብሬያት ሰነበትኩ። በረንዳ ላይ ተቀምጠን፣ ዝናቡ ሊመጣ ሲያጉረመርም፣ ዕድሜ ልኬን ያላነሣሁባትን አነሣሁባት። «እታለም፣ በእነዚያ ሰዎች አልተናደድሽም?» አልኳት። ከአጥንት ስሞቹ አንዱንም እንደማታስታውስ ቀድማ ነግራኛለች።

«መች ጊዜ አገኘሁ» አለችኝ፣ «ሙሽራ ነበርኩ እኮ።»

ይህን ብላ ነጠላዋን ሰብስባ የተሰጣውን በርበሬ ከዝናቡ ልታስገባ ተነሣች። ንዴቱ የእሷ መሆን ነበረበት። የጠፋውም የእሷ ነው፤ ያልተፈተነችው ፈተና፣ ያልገባችበት ሐኪም ቤት፣ እጇ ሳይደርስላቸው የሞቱት የማላውቃቸው ልጆች ሁሉ። እሷ የምትናደድበት ጊዜ ስላጣች እኔ ይዤላት ኖርኩ፤ አሁን ደግሞ የምመልስላት እህት የለችኝም።