አምስተኛው አይብ

ኦዲል ከሞተች ወዲህ በረዶ ሲጥል ይህ የመጀመሪያው ነው። ባሏ አንሴልም ግን በጁራ ተራራ ሰው ልማድ ጎረቤቶቹን ለአይብ ጠርቷል። አይቡን ብርዱ እንዲለቀው ብሎ እንግዶቹ ሊመጡ አንድ ሰዓት ሲቀር ከጓዳ አወጣና በእንጨት ትሪው ላይ ደረደረው፤ ጠንካራውን፣ መሃሉ ላይ የአመድ መስመር ያለውን፣ በዛፍ ልጥ የታሰረውን ለስላሳውን፣ መጨረሻም ሰማያዊ ሻጋታ ያለውን። አራት ሆኑ። ያገሩ ሰው ለእንግዳ ሦስት ወይ አምስት እንጂ አራት አያቀርብም። አንዱን ሲያነሳ ትሪው ባዶ መሰለው፤ መለሰው። ኦዲል የምታቀርበው አምስት ነበር። አርባ ዓመት ከፊቱ የተቀመጠ ነገር እንዴት ይጠፋዋል?

ጎረቤቱ ዩጌት ዳቦ ይዛ ቀድማ ገባች።

«ምነው አንሴልም፣ አይቡ እንዳያመልጥህ ነው የምትጠብቀው?»

«አንድ ጎደለኝ። የቱ እንደሆነ ግራ ገባኝ።»

«የፍየል ወተቱ አይብ ነዋ! ኦዲል ከሱ ሌላ መች ትነካ ነበር?»

«እሷ አይብ ትበላ ነበር እንዴ?»

ዩጌት ልትስቅ ብላ ፊቱን ስታይ ተወችው። «ቤቴ አለ፤ አመጣልሃለሁ» ብላ ወጣች።

አንሴልም አራቱን ገፋ ገፋ አድርጎ በኦዲል ወንበር በኩል ቦታ ለቀቀ። የፍየሉ አይብ ክብ ይሁን ሞላላ ግን አሁንም ትዝ አላለውም።