ጋሽ አምሳሉ የነገሩን ባሕር

ልጅ ሳለሁ መተማ ዮሐንስ ውስጥ ቤት ማለት ሰው የሚሸሸው ነገር ነበር። ቆርቆሮው ከረፋድ ጀምሮ ይግላል፣ ግድግዳው ሙቀቱን ይዞ ያመሻል፤ ስለዚህ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሰፈሩ ሁሉ የገመድ አልጋውን፣ አንገረቡን፣ ወደ ግቢ አውጥቶ ነፋስ ይጠብቃል። ነፋሱ አንዳንድ ቀን ይመጣል፣ አንዳንድ ቀን ይቀራል። የማይቀረው የከባድ መኪኖቹ ድምፅ ነበር። ድንበር ማዶ፣ ሱዳን ወዳለችው ገላባት ለመሻገር ጉምሩኩ በር ላይ የተሰለፉት ተሳቢዎች ሞተራቸውን ሲያስነሱና ሲያጠፉ ያመሻሉ፤ እኛም በዚያ ድምፅ ውስጥ እናወራለን፣ እንበላለን፣ እንጣላለን። ያደግሁት ሁሉም ነገር ወደ አንድ ቦታ በሚሄድበት ከተማ እንደሆነ ያኔ አላውቅም ነበር። ከተማ ሁሉ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

እናታችን ጤና ጣቢያ ነርስ ነበረች። አባታችን ሽንፋ በኩል አንድ የሰሊጥ እርሻ ላይ ትራክተር ስለሚነዳ ከዘር እስከ አጨዳ እምብዛም አናየውም። እናታችን ተረኛ በሆነች ቁጥር እኔንና ታላቅ እህቴን ሰናይትን ለጎረቤታችን ለጋሽ አምሳሉ አደራ ሰጥታን ትሄዳለች። ጋሽ አምሳሉ ጄኔሬተርና የውኃ ሞተር የሚጠግኑ፣ ሚስትም ልጅም የሌላቸው ሽማግሌ ነበሩ። በወጣትነታቸው ምጽዋ መርከብ ላይ ሠርተዋል፤ ጦርነቱ ሲበረታ ፖርት ሱዳን ወረዱ፤ እዚያ ብዙ ዓመት ወደብ ላይ ከኖሩ በኋላ ወደ አገሬ ልመለስ ብለው በገዳሪፍ በኩል ሲመጡ መተማ ላይ ደከማቸውና በዚያው ቀሩ። እንዲህ ነው ራሳቸው የሚሉት፦ ደከመኝና ቀረሁ።

መብራት ያኔ ከሚኖርበት ቀን የሚጠፋበት ይበዛል። ጋሽ አምሳሉ ፋኖሳቸውን የተፈታ ሞተር ላይ ያስቀምጡና ሻይ ያፈሉበትን ከሰል በእንጨት እየቆሰቆሱ ያወራሉ። ለትንኝ የሚያጨሱት የኒም ቅጠል ዓይናችንን ያቃጥለናል፤ እጃቸው ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል፤ የሰፈሩ ልጆች በአንገረቡ ጠርዝ ላይ እንደ ወፍ ተደርድረን እንሰማቸዋለን። ባሕር አይተን አናውቅም። ትልቁ ውኃችን በበጋ ተቆራርጦ ኩሬ ኩሬ የሚሆነው ወንዝ ነበር። እሳቸው ግን የራሱን መብራት ተሸክሞ ስለሚዋኝ ዓሣ፣ የወጥ ቤቱን ደወል ሰምቶ ከመርከቡ ኋላ ስለሚከተል ሻርክ፣ ውኃ ውስጥ ስለሚያብብ ድንጋይ ይነግሩናል። ከሁሉ የማልረሳው የጠላቂውን የዑስማንን ተረት ነው። ዑስማን ዛጎል ሊለቅም በጠለቀ ቁጥር ባሕሩ አንድ ቃል ይነግረዋል። ሲወጣና አየር ሲስብ ቃሉ ይጠፋበታል። ስለዚህ ተመልሶ ይጠልቃል፤ ይሰማዋል፤ ይወጣል፤ ይረሳዋል። በመጨረሻ አገኘው ወይ ብለን ስንጠይቅ ጋሽ አምሳሉ ፍሙን አይተው፣ ከሰሉ አልቋል፣ ወደ ቤት ግቡ ይሉናል። ተረታቸው መጨረሻ ኖሮት አያውቅም። እኔ ይህ ያስለቅሰኝ ነበር። ሰናይት ግን በዚያው ተነሥታ ግቢውን ትዞራለች፤ አንድ ነገር እንደጠፋበት ሰው ከአጥር አጥር ትመላለሳለች።

ሰናይት እንዲህ ነበረች። ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህሩ ሲቀር ክፍሉን የምታስተምረው እሷ ናት። የሞተ ሬዲዮ ፈትታ ታስነሣለች፤ እንግሊዝኛዋን ማንም ሳያስተምራት ከፊልምና ከስልክ ለቅማ ተምራለች። ሰው ሁሉ ጎበዝ ይላታል። ጎበዝነቷ ግን ደስታ ሲሰጣት አላየሁም፤ እንደ ጠባብ ጫማ ነበር የሚያስጨንቃት። ለዚህች ከተማ በዝታ፣ ለሌላ ቦታ ገና ትንሽ ነበረች።

ዐሥራ ስድስት ዓመት ሲሆናት አባታችን ከገላባት የመጣ ስልክ ገዛላት። ከጋሽ አምሳሉ ግቢ ጥግ፣ ውኃ ማጠራቀሚያው ላይ ሲወጡ፣ የሱዳኑ ኔትወርክ ድንበሩን ተሻግሮ ይመጣል። ሰናይት የሱዳን ሲም አስገብታ ከትምህርት ቤት መልስ እዚያ ላይ መዋል ጀመረች። አንድ ቀን እየሮጠች ወረደችና ባሕር ላይ ያለ የተመራማሪዎች መርከብ ኢንተርኔት ላይ አገኘሁ አለች። ካሜራ የተሸከመ ማሽን በረጅም ገመድ ወደ ባሕሩ ወለል ያወርዳሉ፤ ማሽኑ የሚያየውን ዓለም ሁሉ በዚያው ቅጽበት ያያል፤ ከየአገሩ የተሰበሰቡ ወጣቶች ከሥር ጥያቄ ይጽፋሉ፣ ተመራማሪዎቹም ይመልሱላቸዋል።

ያን ምሽት ተረት አልነበረም። ስልኩን ማጠራቀሚያው ላይ፣ ፋኖሱ አጠገብ አቆመችውና ሁላችንም በላዩ ተደፋን። ምስሉ ይመጣል፣ ይቆማል፣ ይንቀጠቀጣል። መጀመሪያ ጥቁር ብቻ ነበር። ቀጥሎ በማሽኑ መብራት ውስጥ በረዶ የመሰለ ነገር ሲዘንብ ታየ፤ ከዚያ አንድ ውስጡ የሚታይ፣ እንደ መስታወት ያለ ፍጥረት ክንፉን እያርገበገበ አለፈ። ሰናይት የሚሉትን እየሰማች ትተረጉምልናለች። ጋሽ አምሳሉ መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ። ምስሉ ሲቆም ቀና አሉና፦

«እኛ ላይ ላዩን ነው የኖርነው» አሉ።

ቅር ይላቸዋል ብዬ ፈርቼ ነበር። እሳቸው ግን ከልጆቹ ሁሉ ብሰው በየምሽቱ ሰናይትን፣ መርከባችን ዛሬ ወዴት ደረሰ ይሏት ጀመር። አንድ ቀን የጻፈችውን ጥያቄ ከተመራማሪዎቹ አንዷ ጮክ ብላ አነበበችው፤ የእህቴን ስም በተጣመመ አነጋገር ጠርታ፣ ከኢትዮጵያ ናት አለች። ሰናይት አልጮኸችም። ተነሥታ ግቢውን ዞረች፣ ደግማ ዞረች፣ እኔ ወዳለሁበት መጥታ እጄን ጨበጠችኝ፤ እጇ በዚያ ሙቀት ቀዝቅዞ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው ልጁ የመጣው። ከጥያቄዋ ሥር በአማርኛ ጻፈላት። ፖርት ሱዳን የሚኖር ተማሪ ነኝ፣ የባሕር ትምህርት ነው የምማረው፣ አንቺን የመሰለ ጭንቅላት እዚያ ምን ይሠራል አላት። የባሕር ፎቶዎች ይልክላታል። ሴት ልጆችን ጠላቂ የሚያደርግ ትምህርት ቤት አለ፣ ክፍያ የለውም፣ የድንበሩን ድልድይ በእግርሽ ተሻገሪ፣ ገላባት ላይ የአጎቴ መኪና ይወስድሻል አላት። ይህን ሁሉ የነገረችው ለእኔ ብቻ ነው። ልብሷን በትምህርት ቤት ቦርሳዋ አጣጥፋ አስገብታ ከአልጋዋ ሥር ስታስቀምጥ አየሁ። ለእማዬ እዚያ ከደረስኩ በኋላ እደውልላታለሁ አለችኝ። ዓይኗ ያበራ ነበር። እኔም ደስ ሊለኝ ሞክሬ ነበር፤ ነገር ግን መኪና ሲነሣ በሰማሁ ቁጥር እደነግጣለሁ።

ለእናቴ ብናገር ሰናይት ዕድሜ ልኳን የምትጠላኝ መሰለኝ። በማግስቱ ሲመሽ፣ ሰናይት ውኃ ማጠራቀሚያው ላይ ሳለች፣ ጋሽ አምሳሉን እንደ ተረት አድርጌ ጠየቅኋቸው።

«ጋሼ፣ ፖርት ሱዳን ሴቶችን ባሕር መጥለቅ የሚያስተምር ትምህርት ቤት አለ?»

የሚቆሰቁሱበትን እንጨት አቆሙ። ወደ እኔ አላዩም፤ ቀና ብለው ጥግ ላይ፣ በስልኩ ብርሃን ፊቷ ሰማያዊ ወደሆነው ወደ እህቴ አዩ።

«እሺ ልጄ» አሉ። ከዚያ የልጁን ነገር ሁሉ ነገርኳቸው።

እጠብቅ የነበረው ጩኸት ነው። በማግስቱ ግን ሰናይትን ጠርተው ሻይ ቀዱላት፤ ስለ ልጁ የሰሙ መሆናቸውንም አልደበቋትም። እህቴ ዞር ብላ አየችኝ፤ ያን አስተያየቷን ዛሬም አልረሳውም። ጋሽ አምሳሉ አትሂጂ አላሏትም፣ ልጁንም አልሰደቡባትም።

«ባሕሩ አጠገቡ ከሆነ ምን ይቸግረዋል» አሏት፤ «እነዚያ ፈረንጆች ከባሕሩ ሥር ሆነው ያሳዩን የለ? ስልኩን ወደ ውኃው ያዙርና አንዴ ያሰማን። እኔም ናፍቆኛል።»

ሰናይት ኮራ ብላ ጻፈችለት። ልጁ ኔትወርክ የለም አላት። ነገ አላት። በነጋታው ሥራ በዝቶብኛል አለ። ሲደጋገምበት ተቆጣ፤ አታምኚኝም ወይ፣ መኪናው ሐሙስ ነው፣ ካመለጠሽ ሌላ ልጅ ትሄዳለች አላት። ከዚያ ለማለሳለስ ይመስላል አንድ ፎቶ ላከላት፦ ይኸው፣ አሁን ከሥራ ስወጣ ያነሳሁት ነው፣ ከዚህ የሚበልጥ ምን ላሳይሽ?

ቆንጆ ፎቶ ነበር። ቀይ ፀሐይ ግማሽዋ ውኃ ውስጥ ገብታ፣ ባሕሩ ላይ የብርሃን መንገድ ዘርግታ። ሰናይት ትኩር ብላ አየችው። እኛም ጋ ፀሐይ ገና መግባቷ ነበር፤ ሰማዩ በአቧራ ቀልቷል። ከማጠራቀሚያው በቀስታ ወረደችና ጋሽ አምሳሉ ወደሚሠሩበት ሄደች።

«ጋሼ፣ ፖርት ሱዳን ፀሐይ የምትጠልቀው በየት በኩል ነው?»

«ከከተማው ጀርባ ነዋ፣ በተራራው በኩል፣ ወደዚህ ወደኛ። ከባሕር ትወጣለች እንጂ ወደ ባሕር አትገባም» አሉ፤ ከዚያ መፍቻውን አስቀምጠው ፊቷን አዩ። «ምነው ልጄ?»

 ቁጭ ብላ በጣቷ አቧራው ላይ የባሕሩን ዳርቻ ሣለች፤ ከተማውን እዚህ፣ ውኃውን በምሥራቅ፣ ፀሐይዋን በምዕራብ። ካርታውን ከማንም በላይ ታውቀዋለች። ማንም ባይነግራትም ታውቀው ነበር። ብዙ ስለፈለገች ብቻ ነው የምታውቀውን ያላየችው። አጠገቧ ቆሜ ሳለሁ የሣለችውን በእጇ አበሰችው።

ጋሽ አምሳሉ ያን ዕለት ወደብ ላይ በኖሩባቸው ዓመታት ያዩትን ነገሯት። ተረት አልነበረም፤ ድምፃቸውም የተረት ድምፅ አልነበረም። ለትምህርት ተብለው፣ ለሥራ ተብለው የመጡ የአገራቸውን ልጆች፣ በር ተዘግቶባቸው፣ ማስለቀቂያ ገንዘብ እንዲላክ ለቤተሰባቸው እንዲያለቅሱ ስልክ የሚሰጣቸውን።  ሰናይትም ጠዋት እናታችን ከተረኛነት ስትመለስ ራሷ ሁሉንም ነገረቻት። እናታችን ነጭ ልብሷን ሳታወልቅ ደረጃው ላይ ተቀመጠችና መቼ ነበር ብቻ አለቻት። ሐሙስ ስትላት ስልኩን ተቀብላ ደረቷ ውስጥ ከተተችው፤ ለብዙ ጊዜም አልመለሰችላትም።

እኔ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ጋሽ አምሳሉ ግን ከዚያ ወዲያ ተረቱን ተዉት። ፋኖሱ ይበራል፣ ከሰሉ ይቀጣጠላል፣ ልጆች ይመጣሉ፤ እሳቸው ሞተራቸው ላይ እንዳቀረቀሩ ያመሻሉ። እኔው ነኝ ባሕር ባሕር ስል ልጅቷን ላስበላት የነበርኩት ብለው ለእናቴ ሲነግሯት ሰማሁ። በስተመጨረሻ ሰናይት ራሷ ሄዳ ከፊታቸው ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ የዋሸኝ ልጁ ነው» አለቻቸው። «ባሕሩ አልዋሸኝም፤ እርስዎም አልዋሹኝም። ይንገሩን።»

ወዲያው አልነገሩንም። ግን ከሰሉን ቆሰቆሱት።

የዚያን ዓመት ክረምት ሲገባ፣ ብርቄ የምትባል የሰናይት የክፍል ጓደኛ ድልድዩን ተሻግራ ቀረች። ከወሎ ለአጨዳ መጥተው የቀሩ፣ ለሾፌሮች ሻይ የሚሸጡ ድሃ እናት አሏት። ማን እንደወሰዳት አልታወቀም፤ ያው ልጅ ይሁን፣ ሌላ፣ ወይስ ራሷ ሥራ ፍለጋ ሄዳ እንደሆነ እስከ ዛሬ አናውቅም። እናቷ ግን ከገላባት የሚመጣ ሾፌር ሁሉ ሻይ ሲጠጣ ፎቶዋን ያሳዩት ነበር። ሰናይት ከትምህርት ቤት ስትመለስ በእሳቸው በኩል ማለፍ አቃታት፤ ዙሪያውን ትሄድ ጀመር፤ እኔም አብሬያት።

እህቴ በኋላ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ገብታ ስለ ውኃና ስለ ዓሣ ተማረች፤ ዛሬ ጣና ላይ በጀልባ ናሙና ስትቀዳ ትውላለች፤ እውነተኛውንም ባሕር ለሥራ ሄዳ አይታዋለች። አሁንም ስታወራ ተነሥታ ትዞራለች። ጋሽ አምሳሉ መተማ ውስጥ አረፉ። እኔ ገንዳ ውሃ ከተማ አስተማሪ ሆኛለሁ።

ከእነዚያ ምሽቶች ምን ቀረኝ ብዬ ሳስብ ቶሎ የሚመጣልኝ መብራት ተሸካሚው ዓሣ አይደለም። ሽማግሌው ግቢውን ሳይቆልፉ፣ ስልኩን ሳይነጥቁ፣ ያ የምታዪው ነገር ምንድን ነው ብለው አጠገቧ መቀመጣቸው ነው። አስቤ አስቤ ግን ሁልጊዜ ብርቄ ላይ እደርሳለሁ። ከማጠራቀሚያችን ጥቂት ቤት አልፎ ነበር የምትኖረው፤ እኛ ስለ ባሕሩ ስንሰማ እሷ ለሾፌሮች ብርጭቆ ታጥባለች። አንድም ቀን ነይ ያላት ሰው አልነበረም።

ዛሬ በእረፍት ሰዓት ተማሪዎቼ አጥሩን ተደግፈው ስልካቸው ላይ ሲያጎነብሱ ሄጄ አጠገባቸው እቀመጣለሁ። ምን እያያችሁ ነው እላቸዋለሁ። አንዳንዱ እየሳቀ ያሳየኛል። አንዳንዷ ስልኳን ወደ ደረቷ ታዞራለች፤ እኔም ሌላ ወሬ እያወራሁ ደወሉ እስኪደወል ከአጠገቧ አልነሣም።