ሲዘጋ የሚከፈተው የቤንዚን መክፈቻ

የባለቤቴ አባት ሞተር ሳይክላቸውን ለእኔ የሰጡኝ ልጃቸው ስለማይፈልገው ነው። ባለቤቴ ሁለት ጎማ ብቻ ያለው ነገር ላይ መቀመጥ አይወድም። እኔ ግን ከማግባቴ በፊት ክፍለ ሀገር ስሠራ በመሥሪያ ቤቱ ሞተር ገጠር ለገጠር ስዞር ነው የኖርኩት። አማቴ ይህን ያወቁት አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ በወሬ መሃል ነው። ሊጎርሱ ያነሱትን እንጀራ መልሰው አስቀመጡ።

«አንቺ? ሞተር?»

«አዎ አባባ።»

እጃቸውን ታጥበው ወደ ጓዳ ገቡና ቁልፉን አምጥተው ከሳህኔ አጠገብ አኖሩት።

እስከዚያ ቀን ድረስ ከሰላምታ ያለፈ ወሬ አልነበረንም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ፒያሳ ወርቅ ቤት ተቀምጠው ቀለበትና ሀብል ሲሠሩ የኖሩ፣ ዝምታ የሚወዱ ሰው ናቸው። ጠዋት ጠዋት «እንደምን አደሩ» እላለሁ፤ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና አደርሽ ልጄ» ይላሉ፤ በቃ፣ የቀኑ ጨዋታችን አለቀ። ሞተሩም እንደሳቸው ዝም ብሎ ግቢው ጥግ በሸራ ተሸፍኖ ይኖር ነበር።

ባትሪና ጎማ ተቀየረለትና ተነሣ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ጥሩ ነበሩ። ከዚያ ግን አንድ ከሰዓት በኋላ ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ወደ ፒያሳ ዳገቱን ስወጣ ተንተፋተፈና ቀጥ አለ። ትንሽ ቆሜ ስሞክረው ተነሣ። ጥቂት ሄዶ ደግሞ ቆመ። እንደገና ተነሣ፤ እንደገና ቆመ። ተራ የሚጠብቁ የታክሲ ረዳቶች ሥራ አገኙ።

«እህቴ፣ ሞተሩ ቁርስ አልበላም እንዴ?»

«ተዋት ባክህ፣ ነፋስ ልታስመታው ይዛው ወጥታ ነው!»

እየሳቅሁም እያላበኝም ገፍቼው ቤት ደረስኩ። አማቴ በር ላይ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር፤ ድምፁ ሲነሣና ሲጠፋ ከሩቅ ሰምተውት ኖሯል።

«ልቡ ደህና ነው። የታመመው ጉሮሮው ነው» አሉኝ።

እውነታቸውን ነበር። ከታንኩ ወደ ሞተሩ የሚወርደውን ቀጭን የጎማ ቱቦ ነቅዬ የቤንዚን መክፈቻውን ሳዞረው፣ መውረድ የነበረበት ቤንዚን እንደ ዓይን መድኃኒት ጠብ ጠብ አለ። ቤንዚኑን ወደ ጀሪካን ቀዳነው። አማቴ ወደ ማድ ቤት ዞረው «ከሰሉን አጥፉት! ማንም ክብሪት እንዳይጭር!» ብለው አወጁ። የባለቤቴ እናት ብቅ ብለው አዩንና አፍንጫቸውን በነጠላቸው ያዙ።

«ቤቴን ማደያ አደረጋችሁት» አሉ።

መክፈቻውን ከታንኩ ሥር ፈትቼ አወጣሁት። የአውራ ጣት የምታህል ነገር ናት። ወደ ታንኩ ውስጥ ቆሞ የሚገባው ማጣሪያዋ ስነካው እንደ ደረቀ ቅጠል እጄ ላይ ተፈረፈረ። ቀዳዳዎቹን የዝገት ቅርፊት ደፍኗቸዋል። በውስጧ ያለችው ባለ አራት ቀዳዳ ክብ ጎማ ደርቃ ድንጋይ ሆናለች። አማቴ የወርቅ ሥራ ማጉያ መነጽራቸውን ዓይናቸው ላይ ሰክተው ለረጅም ጊዜ አገላብጠው አዩዋት።

«እኔና አንቺ እናድናታለን» አሉ። «እኔና አንቺ» ሲሉኝ የመጀመሪያቸው ነበር።

ቅድሚያ ታንኩ መጽዳት ነበረበት። ትንሽ ቤንዚንና አንድ እፍኝ ጠጠር ጨምረን አፉን ደፈንነውና መናጥ ጀመርን። እኔ ሲደክመኝ ለባለቤቴ ሰጠሁት፤ እሱ መንዳት እንጂ መናጥ አይፈራም። ግቢው በጠጠር ጩኸት ተናወጠ። እናቱ ከውስጥ «ቅቤ ከወጣው ጥሩኝ!» አሉ። የወጣው እንደ ቡና አተላ የጠቆረ ዝገት ነበር፤ ጥርት እስኪል ደጋግመን አለቀለቅነው።

ማጣሪያ ፍለጋ ድልድዩ አካባቢ ያሉትን የመለዋወጫ ሱቆች አዳረስኩ። ያገኘሁት ሁሉ ለትልልቅ ሞተር የተሠራ ነው፤ በእኛዋ ቀዳዳ አይገባም። አማቴ ግን አልተከፉም፤ እንዲያውም ደስ ያላቸው መሰለኝ። ከአሮጌ የዕቃ ሣጥናቸው ደቃቅ የነሐስ ወንፊት አወጡ። በቀጭን ቱቦ ዙሪያ ጠቀለሉትና ጫፍና ጫፉን በየዱት። ይህን ያደረጉት ከቤንዚኑ ርቀው፣ በረንዳው ላይ ነው።

የጎማዋ ሥራ የእኔ ድርሻ ሆነ። ከአሮጌ የመኪና ጎማ ከመነዳሪ በምላጭ ቆርጬ፣ ቀዳዳዎቿን በትኩስ ምስማር በስቼ አምሳያዋን ሠራሁ። በጣም ኮራሁባት። ገጥመናት አደረችና በማግሥቱ ስንፈታት ቤንዚን ጠጥታ እንደ እርጥብ ባቄላ አብጣለች። ሱቅ ሄጄ ቤንዚን የሚችል ጎማ እስካገኝ ድረስ አማቴ ያቺን ያበጠች ጎማ መስኮት ላይ አስቀምጠው፣ ባለፉ ቁጥር «ዛሬስ ጎደለች?» እያሉ ይጠይቁኝ ነበር። ሰውየው ቀልደኛ መሆናቸውን ያወቅሁት ያኔ ነው።

ሁለተኛዋን ስቆርጥ የበለጠ ተጠነቀቅሁ። ሁሉን ገጣጠምን፤ ወንፊቱ ወደ ታንኩ ልክክ ብሎ ገባ፤ ቤንዚን ሞላንበት። አንዲት ጠብታ እንኳ ወደ ውጭ አልፈሰሰችም። ቱቦውን ሳልሰካ መክፈቻውን «ክፍት» የሚለው ላይ አዞርኩት፤ ምንም አልመጣም። ተስፋ ቆርጬ ወደ «ዝግ» ስመልሰው ቤንዚኑ ሹር ብሎ እጄ ላይ ወረደ! ልኩን ጎማው ላይ ስስል ገልብጬው ኖሮ ቀዳዳዎቹ በተቃራኒው ወጥተዋል።

አማቴ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «እንደ ባለቤቴ ናት፤ ዝም በይ ሲሏት ነው የምትናገረው!»

«ሰምቼሃለሁ!» የሚል ድምፅ ከጓዳ መጣ።

ሦስተኛዋን ጎማ ተከባብረን፣ አንዳችን የሌላውን ልክ እያየን አብረን ቆረጥናት። ሲከፈት ወረደ፤ ሲዘጋ ቆመ። ሞተሩም በመጀመሪያው ምት ተነሣ።

አማቴ ኮታቸውን ለብሰው ወጡ። ከኋላዬ ተቀምጠው ፒያሳን ሊዞሩ እንደፈለጉ ገባኝ። ገና እግራቸውን ሳያነሡ ግን ባለቤታቸው ከፊታቸው ተደቀኑ።

«በዚያ ጉልበትህ? መጀመሪያ እኔ ሄጄ ልየው» አሉ።

ሁላችንም የሚቀልዱ መስሎን ነበር። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ፤ የባለቤቴን ትከሻ ተደግፈው ከኋላዬ ወጡ፤ የራስ ቁሩን ሻሻቸው ላይ ደፉና ወገቤን ጥርቅም አድርገው ያዙኝ። አያያዛቸው የለመደ ሰው አያያዝ ነበር።

መንገድ ላይ «እማማ፣ ከዚህ በፊት ተቀምጠው ያውቃሉ እንዴ?» ብዬ ጮህኩ።

«ታዲያ በዚህ ሞተር ማንን ይመስልሻል ሰውዬው ውቤ በረሃ ጭፈራ ይዞ ይሄድ የነበረው? እናቴ ቤተ ክርስቲያን የሄድን ይመስላት ነበር!» ብለው ጀርባዬ ላይ ሳቁ።

ዳገቱን ያለ አንዳች መንተፋተፍ ወጣነው። በወርቅ ቤቶቹ በኩል ስናልፍ ባላቸው የሠሩበትን ሱቅ በጣታቸው አሳዩኝ፤ ኬክ ቤት ጋ ስንደርስ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው አስቆሙኝ። ለአማቴ የሚወዱትን ሚልፎይ አስጠቀለሉ።

«አሁን እንመለስ?» አልኳቸው።

«አንዴ እንዙርና» አሉ።

ስንመለስ አማቴ ኮታቸውን እንደለበሱ፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው በር ላይ ቆመዋል። ሊቆጡ አፋቸውን ሲከፍቱ ባለቤታቸው ኬኩን አቀበሏቸው። ወረቀቱን ገለጥ አድርገው አዩት፤ ለልጃቸው አስያዙትና እግራቸውን አሻግረው ከኋላዬ ተቀመጡ።

«ንጂው ልጄ» አሉኝ። «በውቤ በረሃ በኩል።»