ስንት ጊዜ አለ?

ዛሬም በእንጅባራ መናኸሪያ ሳልፍ፣ ሊነሳ እምቢ ያለ መኪና «ቀጭ» ሲል ከሰማሁ ፊቴ ይግላል። ሳላስበው መቁጠር እጀምራለሁ።

አባቴ የሰው ሚኒባስ ይዞ ከእንጅባራ ዳንግላ ይመላለስ ነበር። አንድ ጆሮው ጨርሶ አይሰማም፣ ሌላውም እየደከመ ነበር፤ ይህን ግን ከእናቴና ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም፣ ባለመኪናው ቢሰማ ቁልፉን በዚያው ቀን ይቀበለው ነበርና። ክረምት ገብቶ ብርዱ መኪናውን ሲያስቸግረው፣ አባቴ ቁልፉን ያዞራል፣ እኔ ከፊት ጎማው አጠገብ ተንበርክኬ ጆሮዬን ብረቱ ላይ ለጥፌ አዳምጥለት ነበር። ቤት ውስጥ በአገውኛ ብንነጋገርም መኪናው ዘንድ ቋንቋችን ጣት ነበር። «ስንት ጊዜ አለ?» ይለኛል። አንዴ ብቻ «ቀጭ» ብሎ ዝም ካለ ጥርጣሬው ሞተሩን አዙሮ በሚያስነሳው ሞተሪኖ ላይ ነው፤ «ቀጭ ቀጭ ቀጭ» እያለ ከተንጣጣ ግን ወይ ባትሪው ደክሟል ወይ ጫፉ ላይ ያለው ሽቦ ላልቷል። ተነስቼ በመስኮቱ በኩል በጣቶቼ አሳየው ነበር። በዚያ ዕድሜዬ ከዚህ የበለጠ የሚያኮራኝ ነገር አልነበረኝም።

መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት ኩራቴ አለቀ። የክፍሌ ልጆች ተንበርክኬ አይተውኝ «ዶክተር» የሚል ስም አወጡልኝ፣ እኔም ጠዋት ጠዋት በጓሮ በኩል ሾልኬ መውጣት ጀመርኩ።

ጥቅምት ውስጥ አንድ አርብ ጠዋት፣ ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ በመናኸሪያው ሳልፍ፣ ወንበሩ ሁሉ ሞልቶ ሳለ መኪናው እምቢ አለ። አባቴ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ጠራኝ። ልክ ያኔ ልጆቹ ደረሱ።

«ዶክተር፣ ልቡ ይመታል?» አለ አንዱ።

«መርፌ ውጊዋ!» አለች ሌላዋ።

አባቴ ቁልፉን ሲያዞር ሳልንበረከክ፣ ራቅ ብዬ ቆምኩ። ከሳቃቸው በፊት የሰማሁት የመጀመሪያዋን ድምፅ ብቻ ነው።

«ስንት ጊዜ አለ?»

አንድ ጣት አሳይቼው ሮጥኩ።

አባቴ ተሳፋሪዎቹን አውርዶ ሞተሪኖውን ፈታ። በማግስቱ ከባለመኪናው ጋር ዳንግላ ወደሚገኝ መካኒክ ሲወስደው እኔም አብሬ ሄድኩ። መካኒኩ ሞተሪኖውን ከባትሪ ጋር ቢያገናኘው እንደ ወፍጮ ተሽከረከረ።

«ይኼማ ከእኔና ካንተ ይሻላል!» ብሎ ሳቀ። «ለመሆኑ የባትሪውን ጫፍ አይተኸዋል?»

ባለመኪናው አልሳቀም። «ምን ሰምተህ ነው የፈታኸው?» አለው።

አባቴ ወደ እኔ አየ። እኔ ጫማዬን አየሁ።

«ጆሮዬ ነው ያሳሳተኝ» አለ። «ከደከመ ሰንብቷል። በደንብ አልሰማም።»

እንጅባራ ተመልሰን ሞተሪኖውን ገጠመው፣ የባትሪውን ጫፍ የሸፈነውን ነጭ ዝገት በሙቅ ውሃ አጥቦ ሽቦውን አጠበቀው፣ መኪናውም ወዲያው ተነሳ። አባቴ ትንሽ ሳያጠፋው ቆየ፤ እጁ መሪው ላይ ነበር፣ ንዝረቱን በመዳፉ ይሰማው ነበር መሰለኝ። ከዚያ አጥፍቶ ቁልፉን ለባለመኪናው አቀበለው። ከዚያ ወዲህ የሰው መኪና ይዞ አያውቅም።

አሁን ሁለቱም ጆሮዎቹ ተዘግተዋል። ልጠይቀው ስሄድ፣ ደጃፋችን ላይ የጎረቤት መኪና እምቢ ካለ፣ የሹፌሩን ፊት አይቶ ያውቃል፤ ዞር ብሎም «ስንት ጊዜ አለ?» ይለኛል። ያኔ ጥቂት ልጆች ሲስቁብኝ መንበርከክ ከብዶኝ ነበር፤ ዛሬ መንደሩ እያየኝ እንበረከካለሁ፣ እስኪያበቃም አዳምጣለሁ። ተመልሼ ጣቶቼን ሁሉ ስዘረጋለት «ባትሪ ነዋ!» ብሎ ደስ ይለዋል። የዚያን ጠዋቷን አንድ ጣት ግን እስካሁን አንስተናት አናውቅም።