የሐይቅ ዳር ቅበላ

የኦገስት ሎንግ ዊክኤንድ ለካናዳ ሰው ምን በዓል እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ልጅ እያለሁ ለእኛ ለሬክስዴል ሰፈር ልጆች የፍልሰታ ቅበላ ነበር፤ አለቀ። ጾሙ ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው እናቶቻችን ቀይ ወጡን በትልልቅ ድስት ይዘው፣ እኛን ከፊት አስቀድመው፣ በፌሪ ጀልባ ሐይቁ መሀል ወዳለው ደሴት ይሻገሩ ነበር። የወጡ ሽታ ከሐይቁ ንፋስ ጋር ሲደባለቅ አሁንም አፍንጫዬ ላይ አለ። ፌሪው ላይ ፈረንጆቹ ዞር እያሉ ሲያዩን እኔና ቤቲ በሀፍረት እንሞታለን። ድስቱ ሲከፈት ግን ማን ይቀድመናል!

ቤቲ የአንድ ፎቅ ጎረቤቴ፣ አብሮ አደጌ ነበረች። አስራ ሁለት ዓመት በሞላን ጊዜ አባቷ ካልጋሪ ሥራ አገኘና ቤተሰቡ ሊሄድ ሆነ። እኛ ደግሞ መላ መታን፤ ቤቲ እኛ ቤት ትቅር። እናቴ እሺ ብላለች። የቀሩት የእሷ እናት እትዬ አልማዝ ነበሩ። በቅበላ ዕለት የማንም ሆድ ይራራል ብለን ያንን ቀን ጠበቅን።

ከተበላ ከተጠጣ በኋላ እግራቸው ሥር ቁጭ ብለን ጠየቅናቸው። እትዬ አልማዝ ጉርሻ እንደያዙ እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ከዚያ ቤቲን አጎረሷትና፣ «አይሆንም ልጄ። ሌላ የፈለግሽውን ጠይቂኝ» አሏት። ብናለቅስ፣ እናቴ ብትለምን፣ ወይ ፍንክች! ስንመለስ እኔና ቤቲ ፌሪው ላይ ተቃቅፈን ተነፋረቅን። ሴትዮዋን ጠላኋቸው፤ እውነቴን ነው፣ አንጀቴ እስኪያር ጠላኋቸው።

በሚቀጥለው ቅበላ ቤቲ የለችም። እትዬ አልማዝም የሉም፤ ፋሲካ ሳይደርስ ካልጋሪ አረፉ። የገደላቸውን በሽታ እዚህ እያሉ ያውቁት ኖሯል። ለማንም ትንፍሽ አላሉም።

ዘንድሮ ከልጄ ጋር ተሻገርኩ። እናቶቻችን ግማሾቹ አልፈዋል፣ ግማሾቹ ጉልበታቸው አልሄድ ብሏቸዋል። ድስት የሚሸከም ስለሌለ ፒዛ ይዘን ሄድን። ልጄ ከስልኳ ቀና ሳትል፣ «ማም፣ ካን ዊ ጎ ሆም?» እያለች ቤት እንሂድ ትለኛለች። ሆድ ሲብሰኝ ቤቲን ኮል አደረግኳት።

«ያን ቀን እናትሽ እሺ ቢሉን ኖሮ» አልኳት።

ቤቲ ግን፣ «እንኳንም እምቢ አለች» አለችኝ። «የመጨረሻዋን ዊንተር አብሬያት የሆንኩት በዚያ እምቢታ ነው።»

ስንመለስ ፌሪው ላይ ያኔ ከቤቲ ጋር የቆምንበት ቦታ ቆምኩ። እትዬ አልማዝ ያን ቀን ጀርባቸውን ሰጥተውን፣ ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ስበው፣ ውሃ ውሃውን ሲያዩ ነበር። እኔ እኮ በርዷቸው መስሎኝ ነበር።