የባሻ ዘለቀ ተከራይ

ባለፈው እሑድ ልጄ በግቢያችን ላሠራው ክፍል ተከራይ አመጣ። የስልክ ቤት ጸሐፊ ነው፤ አንገቱን የደፋ ልጅ። ልጄ ታዲያ አጠገቤ አስቀምጦት፣ «ኪራዩን ለአባባ ጎረቤት ባለበት ስጥ፤ ነገ ቤቱ የእኔ ነው የሚል ቢመጣ ምስክራችን ትሆናለህ» አለው። ከመቀመጫዬ ተነሥቼ በሩን በከዘራዬ ነረትኩት። ጸሐፊው ደንግጦ ወጣ። «አባባ፣ አሁንስ አበዙት!» አለኝ ልጄ። እርጅና ነው ያለ መሰለኝ። እርጅናስ አይደለም።

ጎባ የገባሁት በሃያ ዓመቴ ነው። አገሩ በጦር ከተያዘ ብዙም አልቆየም፤ ከሸዋ የመጣው ወታደር ኮረብታው ላይ ሰፍሮ ጎጆውን ገና ይቀልሳል። እኔ ጦረኛ አልነበርኩም፤ የአንድ ቆዳ ነጋዴ አሽከር ነበርኩ። ሥራዬ ሮቤ ገበያ፣ ማደሪያዬ ጎባ። በገበያ ቀን ሊነጋጋ ሲል በቅሎ ላይ ወጥቼ እወርዳለሁ፤ ጀንበር ሳትጠልቅ እመለሳለሁ። ክረምት ሲሆን ጭቃው የበቅሎዋን ጉልበት ይውጣል፣ ብርዱም ጥርስ ያንቀጫቅጫል። በመኸር ግን ያ መንገድ ሌላ ነው፤ ግራና ቀኙ የደረሰ ገብስ፣ አየሩም ገለባ ገለባ የሚል። ዛሬም መንገዱን እወደዋለሁ።

ቤት ያከራየኝ ባሻ ዘለቀ የሚባል የሰፋሪ አለቃ ነው። ሰፊ፣ ሙቅ ቤት። ኪራዩ በወር አንድ አሞሌ ጨው ብቻ! እንዲህ ያለ ርካሽ ቤት አገኘሁ ብዬ ፈነደቅሁ፤ ሞኝ። ባሻ አንድ ነገር ብቻ አጥብቆ ነገረኝ፦ አሞሌዋን እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ሰው በተሰበሰበበት በእጁ እንዳስረክበው። ጌትነቱን ማሳየት የሚወድ ሰው መስሎኝ ነበር።

ከቤቱ ጀርባ፣ በረቱ ጥግ በተቀለሰች ደሳሳ ጎጆ ኦቦ ገልገሎ የሚባሉ ሽማግሌ ከሚስታቸው ጋር ይኖራሉ። የባሻ ገባር መስለውኝ ነበር። ጣሪያው ባፈሰሰ ቁጥር ሳልጠራቸው ሣር ተሸክመው ይመጣሉ። «አካም ቡልቴ?» ብለው ጤንነቴን ጠይቀው ጩኮ ያቀርቡልኛል፤ በቅቤ የታሸ የተቆላ ገብስ ዱቄት፣ ቅባቱ ከጣት እስከ ማታ የማይለቅ። አንድ ጧት እየበላሁ፣

«ኦቦ፣ ለባሻ ቤት ይህን ያህል ምን ያደክምዎታል?» አልኳቸው።

«የባሻ? ማነ ኪያ! ቤቴ ነው። ምሰሶውን ከሃረና ጫካ በበሬ ያስጎተትኩት እኔ። ልጆቼን እዚህ ወለድኩ። ባሻ ከጦር ጋር መጣ፤ ውጣ አለኝ፤ ወጣሁ።»

«ታዲያ እኔን ለምን ያበሉኛል?»

«አንተ ምን አደረግህ? ቤቴ የገባ እንግዳዬ ነው።»

አፈርኩ። ቤቱ ግን ይሞቅ ነበር፤ በነጋታውም እዚያው አደርኩ።

በዓመቱ አዲስ ዳኛ መጣ፤ ለድሃ ይፈርዳል ተባለ። ኦቦ ገልገሎም ባሻን ከሰሱ። ችሎቱ ከኮሶ ዛፍ ሥር ነበር። ዳኛው ምስክር እንዲጠሩ ሲጠይቃቸው ዘመድ አልጠሩም፤ ወደ እኔ አመለከቱ።

«እሱ ይናገር። ጩኮዬን በልቷል። የበላ ሰው ያበላውን አይክድም።»

በአገሩ ሰው ዘንድ ይህ ከመሐላ ይበልጣል። ባሻም ፈገግ ብሎ፣ «እኔም የእሱን ቃል እቀበላለሁ» አለ። አሞሌዋን ለምን ሰው ፊት እንደሚቀበለኝ ያኔ ገባኝ። ያ ቀጣፊ ቤት አላከራየኝም፤ ምስክር ነበር የገዛው።

«ኪራይ የምትሰጠው ለማን ነው?» አለኝ ዳኛው።

«ለባሻ ዘለቀ።»

«በቃ። ኪራይ የሚቀበል ባለቤቱ ነው።»

በቃ አለኝ እንጂ አፌን አልያዘኝም። ከኦቦ ገልገሎ አንደበት የሰማሁትን መናገር እችል ነበር። ባሻን ፈራሁ፤ ለማደሪያዬም ሳሳሁ። ዝምታ ወርቅ ነው ይላሉ፤ ይህን ተረት ያወጣ ምላሱ ይቆረጥ!

በሦስተኛው ቀን ሽማግሌውን ከበረቱም አስወጧቸው። ሚስታቸው ዕቃቸውን በአህያ ጭነው ወደ ዲንሾ መንገድ ቀድመዋል። ሽማግሌውን ልሰናበታቸው ጠጋ አልኩ። ቢሰድቡኝ በወደድኩ።

«እንግዳዬ መስለኸኝ ነበር» አሉኝ። «ለካ ተከራይ ነህ።»

ባሻ ከሞተ ቆይቷል፤ እኔ ግን ዛሬም ስሙ ሲነሣ ደሜ ይፈላል። ከእሱ ይልቅ የሚያንገበግበኝ ግን የራሴ ነገር ነው። ከመሞቱ በፊት ቤቱን ገዛሁት። ሚስት ያገባሁት፣ ልጆች ያፈራሁት እዚያው ነው፤ ክፍሉንም ልጄ ያሠራው እዚያው ግቢ ውስጥ ነው። እየተቆጣሁ በሰው ቤት አረጀሁ። ቁጣ ደግሞ ለሰው ቤት አይመልስም፤ የተቆጣውን ደህና ሰው ነኝ እያሰኘ ያኖረዋል እንጂ።

ትናንት ልጄ በሩን ለምን እንደመታሁ ሲጠይቀኝ ሁሉንም ነገርኩት። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝና፣

«አባባ፣ ሰውዬው ልጆች ነበሯቸው አይደል? ፈልገዋቸው ያውቃሉ?» አለኝ።

ዲንሾ በበቅሎ የአንድ ቀን መንገድ ነው። አንድም ቀን ሄጄ አላውቅም።